ኒውፕሮ ከገበያ የወጣባቸው አራት ዓመታት፦ ልጣፍና ክኒን በፓርኪንሰን ሕክምና

በማርች 2008 የቤልጂጉ መድኃኒት አምራች ዩሲቢ፣ ኒውፕሮ በሚል ስም የሚሸጠውን የፓርኪንሰን ልጣፍ ከአሜሪካ ገበያ እንደሚሰበስብ፣ በአውሮፓም የተወሰኑ የምርት ምድቦችን እንደሚያስመልስ አስታወቀ። ምክንያቱ አዲስ የጎንዮሽ ጉዳት አልነበረም፤ የመድኃኒቱን ፈዋሽነት የሚያስተባብል ጥናትም አልወጣም። በልጣፉ ሙጫ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት የነበረበት ሮቲጎቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከሙጫው እየተለየ የበረዶ ቅንጣት የሚመስሉ ክሪስታሎች ሲሠራ ስለተገኘ ነው። በአሜሪካ የነበረው ክምችት በኤፕሪል መጨረሻ እንደሚያልቅ ተነገረ። ልጣፉ ወደ አሜሪካ ፋርማሲዎች የተመለሰው በጁላይ 2012 ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፓርኪንሰን ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ልጣፍ ይሻላል ወይስ ክኒን የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምቾትንና የጎንዮሽ ጉዳትን በማነጻጸር ነው። የኒውፕሮ ጉዳይ ግን በዚህ ንጽጽር ውስጥ እምብዛም የማይነሳ ሌላ መመዘኛ አለ እንድንል ያስገድዳል፤ እሱም ይህ መድኃኒት ነገ ከመደርደሪያው ቢጠፋ በምን ይተካል የሚለው ነው። ሮቲጎቲን በክኒን መልክ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ልጣፉን ልዩ ያደረገው ይኸው ጠባይ በ2008 ታማሚዎቹን ያለ ተተኪ ያስቀራቸው ጠባይ ነው።

ክኒኑ የሚያልፍበት መንገድ

ፓርኪንሰን በመካከለኛው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የተባለውን፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልግ የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ሕመም ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ እርምጃም ያጥራል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዋነኛው ሕክምና በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ሲሆን፣ ከአንጎል ውጭ እንዳይባክን ካርቢዶፓ ወይም መሰሉ አብሮት ይሰጣል። ሌቮዶፓ እስከ ዛሬ በእንቅስቃሴ ችግሮች ላይ ባለው ኃይል የሚስተካከለው በአፍ የሚወሰድም ሆነ በቆዳ የሚለጠፍ መድኃኒት አልተገኘለትም። ልጣፉን ከክኒን ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህን መነሻ ካልያዘ ንጽጽሩ ገና ከጅምሩ ይዛባበታል።

የሌቮዶፓ ድክመት በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ማጠር ነው፤ ከካርቢዶፓ ጋር ተወስዶም እንኳ መጠኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በሕመሙ መጀመሪያ ዓመታት በሕይወት የቀሩት ሕዋሳት ዶፓሚኑን አከማችተው ቀስ እያሉ ስለሚለቁት ታማሚው መዋዠቁን አያውቀውም። ሕዋሳቱ እየተመናመኑ ሲሄዱ ግን በደም ውስጥ ያለው ውጣ ውረድ በቀጥታ በሰውነት ላይ ይነበባል፤ ክኒኑ ሲይዝ ሰውየው ይራመዳል፣ ሲለቅ ይገተራል፣ ከሌሊቱ ረጅም ክፍተት በኋላም ጠዋት ከአልጋ መነሳት ይከብደዋል። በዚህ ላይ የሆድ ነገር ይጨመራል። ሌቮዶፓ ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው፤ ሕመሙ ራሱ ደግሞ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያወርድበትን ፍጥነት ያዘገያል። አንጀት ከደረሰ በኋላም ከሥጋ፣ ከወተት ወይም ከጥራጥሬ ፕሮቲን የሚመጡት አሚኖ አሲዶች ሌቮዶፓ በሚያልፍበት በዚያው በር ስለሚያልፉ ይሻሙታል። አንድ ዓይነት ክኒን አንድ ዓይነት መጠን ተወስዶ ዛሬ በግማሽ ሰዓት የሚሠራው፣ ነገ ከምሳ በኋላ ሲወሰድ ሁለት ሰዓት የሚያስጠብቀው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከሌቮዶፓ ቀጥሎ የሚመጡት ዶፓሚንን መስለው ተቀባዮቹን፣ ማለትም ዶፓሚን የሚያርፍባቸውን የሕዋስ ክፍሎች፣ በቀጥታ የሚያነቃቁት መድኃኒቶች ናቸው። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል በክኒን የሚሰጡ ሲሆን በደም ውስጥ ከሌቮዶፓ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፣ ከአሚኖ አሲዶች ጋርም አይሻሙም። በ2007 እነዚህ ክኒኖች በአሜሪካ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰዱ ነበሩ። ሮቲጎቲንም የዚህ ቤተሰብ አባል ነው።

ሮቲጎቲን ለምን ልጣፍ ሆነ

ሮቲጎቲን በ1980ዎቹ አጋማሽ በኔዘርላንድስ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ከተሠሩ ውህዶች የተገኘ ነው። በአፍ ቢወሰድ ከአንጀት ወደ ጉበት በሚደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይፈራርሳል፤ ለቀሪው ሰውነት የሚተርፈው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ለአብዛኞቹ ውህዶች እንዲህ ያለው ጠባይ የመድኃኒትነት ተስፋ ማብቂያ ነው። ሮቲጎቲን ግን ሞለኪውሉ ትንሽ፣ በስብ ውስጥ የሚሟሟና በጥቂት ሚሊግራም የሚሠራ በመሆኑ ለቆዳ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ሌቮዶፓ በነዚህ መመዘኛዎች ተቃራኒው ነው፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ስለሚያስፈልግ፣ በቆዳም በቀላሉ ስለማያልፍ፣ የሌቮዶፓ ልጣፍ ለምን የለም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በአጭሩ ይኸው ነው።

ሽዋርትስ ፋርማ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሮቲጎቲንን ወደ ልጣፍነት ያሳደገው አንደርናኽ በምትባል የጀርመን ከተማ ከሚገኘው የልጣፍ አምራች ኤልቲኤስ ጋር ነው። የአውሮፓ ፈቃድ በፌብሩዋሪ 2006 ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ዩሲቢ ሽዋርትስ ፋርማን ለመግዛት ተስማማ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በሜይ 2007 ለመጀመሪያ ደረጃ ፓርኪንሰን ፈቀደው። በአሜሪካ ለፓርኪንሰን የተፈቀደ የመጀመሪያው የቆዳ ልጣፍ ሆነ።

የልጣፉ አሠራር ቀላል ይመስላል። ቀጭን የሲሊኮን ሙጫ መድኃኒቱን አሟሙቶ ይይዛል፤ ከላይ አሉሚኒየም ያለበት ሽፋን፣ ከታች ሲለጠፍ የሚነሳ መከላከያ አለው። አሥር ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ልጣፍ 4.5 ሚሊግራም ሮቲጎቲን ይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ 2 ሚሊግራም ይለቃል፤ ሃያ ካሬ ሴንቲ ሜትሩ 9 ይዞ 4 ይለቃል፤ ሠላሳው ደግሞ 13.5 ይዞ 6። ማለትም ታማሚው በየቀኑ አንስቶ የሚጥለው ልጣፍ ከመድኃኒቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እንደያዘ ይጣላል። ይህ ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ወደ ቆዳ የሚገፋው ኃይል በሙጫውና በቆዳው መካከል ያለው የክምችት ልዩነት ስለሆነ፣ በሃያ አራተኛው ሰዓትም እንደ መጀመሪያው እንዲገፋ ልጣፉ ከሚሰጠው በላይ መያዝ አለበት። ያገለገለ ልጣፍ በሙጫው በኩል ተጣጥፎ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መጣል ያለበትም በውስጡ የቀረው መድኃኒት ጥቂት ስላልሆነ ነው።

የኋላው ችግር የተወለደውም ከዚሁ ስሌት ነው። በቀጭን ሙጫ ውስጥ ያን ያህል መድኃኒት ለመያዝ ሙጫው በረጋ ሁኔታ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ማሟሟት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ውህድ እንደ ማር ነው፤ ንጹሕ ማር ወራት ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ከእንስራው ግርጌ ይረጋል፣ መርጋት ከጀመረም በጀመረው ቅንጣት ዙሪያ እየሰፋ ይሄዳል። ልጣፉ ውስጥ ሮቲጎቲን እንዳይረጋ ይጠብቅ የነበረው ፖቪዶን የተባለ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ኒውፕሮ የተጨመረው ለዘጠኝ እጅ ሮቲጎቲን ሁለት እጅ ነበር።

ያልታወቀው ክሪስታል

ውህዱ ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ ከሃያ ዓመት በላይ የሮቲጎቲን አንድ የክሪስታል ቅርጽ ብቻ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ቅርጽ ብቅ አለ። የመጀመሪያው በ77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ አዲሱ እስከ 97 ዲግሪ ገደማ ይዘልቃል፤ ይበልጥ የረጋ ነው፣ ስለሆነም በቀላሉ አይሟሟም። የሁለቱ ሞለኪውል አንድ ሲሆን ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ በተደረደሩበት ሁኔታ ነው። የመጀመሪያውን ቅርጽ ጠባይ መሠረት አድርጎ የተሰላው የሙጫና የፖቪዶን መጠን አዲሱን ቅርጽ ሊገታው አልቻለም።

የመድኃኒት ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ክስተት ከዚያ በፊት አይተውታል። አቦት የተባለው አምራች በ1998 ሪቶናቪር የተሰኘው የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሳይታሰብ ወደ አነስተኛ ሟሚነት ወዳለው ቅርጽ በመለወጡ ካፕሱሉን ከገበያ ለማንሳት ተገዷል። ሆኖም ሪቶናቪር በፈሳሽ መልክም ይሰጥ ስለነበር ታማሚዎች ጣዕሙ ቢመራቸውም በዚያው መድኃኒት መቀጠል ችለዋል። ሮቲጎቲን ግን ሌላ መልክ አልነበረውም።

ክሪስታል የሆነው መድኃኒት ቆዳን አያልፍም። ልጣፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንዳለ ሆኖ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ሊቀንስ ይችላል። በእኔ ዕይታ የጉዳዩ ክፉ ገጽታ ይህ ነው። ፓርኪንሰን በራሱ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ስለሆነ፣ እርምጃው የዘገየበት ታማሚ ሕመሙ ገፍቶበት ይሁን ልጣፉ ደክሞበት እሱም ሐኪሙም ሊለዩ አይችሉም። ሐኪሙ መጠን ቢጨምር ወይም ሌላ መድኃኒት ቢደርብ ከሕክምና ሥርዓት ውጭ ምንም አላደረገም። ከዚያም ክሪስታል የሌለበት አዲስ ምድብ ከፋርማሲ ሲመጣ ያ ታማሚ ከሚያስፈልገው በላይ ይወስዳል። የክኒን መጠን በአብዛኛው በፋብሪካ በር ላይ ተወስኖ የሚያልቅ ጉዳይ ሲሆን፣ የልጣፍ መጠን ግን እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ በሙጫው ጤንነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሁለት ውሳኔዎች

በአሜሪካ የተወሰደው እርምጃ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነበር። ሐኪሞች አዲስ ታማሚ እንዳያስጀምሩ፣ ልጣፉን የሚጠቀሙትም በድንገት እንዳያቋርጡ፣ ይልቁንም በየሁለት ቀኑ 2 ሚሊግራም እየቀነሱ እንዲወጡ ተመከረ። የዶፓሚን መድኃኒትን በአንዴ ማቆም ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ የጡንቻ መገተርና የአእምሮ መወዛገብ የሚታይበት ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያስከትል ስለሚችል ማሳሰቢያው የይስሙላ አልነበረም።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘች። ቅዝቃዜ የክሪስታሎቹን እድገት ስለሚያዘገይ ልጣፉ ከፋብሪካ እስከ ታማሚው ቤት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲጓጓዝና በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ የቆዩት ምድቦች ተሰብስበው በቀዝቃዛ ሰንሰለት በመጡት ተተኩ፤ ለጊዜውም አዲስ ታማሚ እንዳይጀምር ተከለከለ። ይህ ክልከላ በ2009 ተነሳ።

ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ያዩት አንድ ዓይነት ክሪስታል ሆኖ ሳለ ውሳኔያቸው ለምን ተለያየ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ እንደማነበው ከልዩነቱ የተወሰነው ክፍል ልጣፉ በየሀገሩ ከያዘው ቦታ የመጣ ነው። በአውሮፓ ሁለት ዓመት ገደማ በገበያ ላይ የቆየ ከመሆኑም በላይ ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ ሕመሙ ለገፋባቸው ታማሚዎችም ተፈቅዶ ነበር። በአሜሪካ ግን ገና አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ብቻ የተፈቀደ አዲስ መጤ ነበር፤ በዚያ ደረጃ ያለ ታማሚ ደግሞ ወደ ክኒን ቢመለስ የሚደርስበት ጉዳት ያነሰ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ስሌቱ ለብዙኃኑ ትክክል ሊሆን ይችላል። መዋጥ ለሚያስቸግራቸውና ጠዋት ሳይነጋ ተገትረው ለሚነሱት ግን የአውሮፓው ውሳኔ፣ በማቀዝቀዣ የመጠበቅ ጣጣው እንዳለ ሆኖ፣ የተሻለ ነበር ባይ ነኝ።

ወደ ክኒን የተደረገው ሽግግር

ልጣፉን ያጡት የአሜሪካ ታማሚዎች የነበራቸው ምርጫ ፕራሚፔክሶል፣ ሮፒኒሮል ወይም ሌቮዶፓ ነበር። መጠኑን ማዛወር ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። በ2010 የታተመውና ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የማነጻጸሪያ ስሌት አንድ ሚሊግራም ሮቲጎቲንን ከ30 ሚሊግራም ሌቮዶፓ፣ አንድ ሚሊግራም ሮፒኒሮልን ከ20፣ አንድ ሚሊግራም ፕራሚፔክሶልን ከ100 ጋር ያስተካክላል። በዚህ ስሌት 6 ሚሊግራም ልጣፍ ይጠቀም የነበረ ታማሚ ወደ 9 ሚሊግራም ሮፒኒሮል ወይም ወደ 1.8 ሚሊግራም ፕራሚፔክሶል ይሸጋገራል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ ለሐኪም መነሻ እንጂ ለታማሚ በራሱ ማስተካከያ አልተዘጋጁም።

ከመጠኑ በላይ ግን የዕለቱ አሰላለፍ ተለወጠ። ጠዋት አንድ ጊዜ ለጥፎ ይውል የነበረ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሰዓት ጠብቆ መዋጥ ነበረበት። ይህ ክፍተት ግን ብዙ አልቆየም። ልጣፉ ከመደርደሪያ በወጣ በሁለት ወር ገደማ፣ በጁን 2008፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ቀስ ብሎ የሚለቅ ሮፒኒሮል በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2010 መጀመሪያ ደግሞ የፕራሚፔክሶሉ ተከተለ። እነዚህ ክኒኖች የልጣፉን ዋና መስህብ፣ ማለትም በቀን አንድ ጊዜ መሆኑንና በደም ውስጥ ያለውን የመጠን መዋዠቅ መቀነሱን፣ ከሞላ ጎደል ወሰዱት። ኒውፕሮ በ2012 ሲመለስ ያገኘው ገበያ በ2008 ትቶት የሄደው አልነበረም።

ጥናቶቹ ስለ ንጽጽሩ የሚሉት

ልጣፉ ከክኒን ጋር ፊት ለፊት የተፈተነባቸው ጥናቶች ለልጣፉ ያን ያህል የሚያደሉ አይደሉም። በ2007 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያሉ 561 ታማሚዎችን ለሮቲጎቲን፣ ለሮፒኒሮልና መድኃኒት ለሌለው ማነጻጸሪያ መድቦ ነበር። በቂ መሻሻል ያሳዩት በሮፒኒሮል ከመቶ 68፣ በሮቲጎቲን 52፣ በማነጻጸሪያው 30 ነበሩ። ልጣፉ ከክኒኑ እንደማያንስ ማሳየት አልቻለም። ለልጣፉ ተሟግቶ የሚናገር ሰው የሮቲጎቲን ጣሪያ 8 ሚሊግራም ሲሆን የሮፒኒሮል እስከ 24 ሚሊግራም መውጣቱን ያነሳል፤ ክርክሩ መሠረት አለው፣ ውጤቱን ግን አይገለብጠውም።

ሕመሙ በገፋባቸውና ሌቮዶፓ በሚወስዱ 506 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሌላው ጥናት ሮቲጎቲንን ከፕራሚፔክሶል ጋር አነጻጸረ። መድኃኒቱ ለቅቆ ሰውነት የሚገተርበት ሰዓት በልጣፉ በቀን 2.5 ሰዓት፣ በክኒኑ 2.8 ሰዓት፣ በማነጻጸሪያው 0.9 ሰዓት ቀነሰ። እዚህ ላይ ሁለቱን የሚለይ ቁም ነገር አለ ማለት አይቻልም።

ልጣፉ የተሻለ ድምፅ የሚያሰማው ሌሊትና ማለዳ ላይ ነው። በ2011 የታተመውና 287 ታማሚዎችን ያሳተፈው ጥናት ታማሚዎቹን ጠዋት ገና መድኃኒት ሳይወስዱ መረመረ። የእንቅስቃሴ ችግር ነጥባቸው በልጣፉ በ7.0፣ በማነጻጸሪያው በ3.9 ቀነሰ፤ የእንቅልፍ ችግራቸውም እንዲሁ ቀለለ። ይሁን እንጂ ማነጻጸሪያው መድኃኒት የሌለበት ልጣፍ እንጂ ቀስ ብሎ የሚለቅ ክኒን አልነበረም። ከዚህ ሌላ ልጣፉ ያለ ጥርጥር የሚያገለግልበት ቦታ ታማሚው መዋጥ በማይችልበት ጊዜ ነው፦ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ሆዱ ሲዘጋ፣ ወይም ሕመሙ ጉሮሮውን ሲነካ።

የጎንዮሽ ጉዳቱን በተመለከተ በሰፊው የሚታመን አንድ ስሕተት አለ። ልጣፍ ጨጓራን ስለማይነካ አያቅለሸልሽም ይባላል። ማቅለሽለሹ ግን ከጨጓራ ሳይሆን የዶፓሚን ተቀባዮች ካሉበት የአንጎል ግንድ ክፍል የሚነሳ ስለሆነ መድኃኒቱ በየትኛውም በር ቢገባ ይከሰታል። ድንገተኛ እንቅልፍ፣ ቅዠት መሰል ነገሮችን ማየት፣ ቁማርን ወይም ግዢን መቆጣጠር አለመቻልም በክኒኖቹ ላይ እንዳለ ሁሉ በልጣፉም ላይ አለ። ልጣፉ በዚህ ላይ የቆዳ መቅላትና ማሳከክን ይጨምራል፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ወደ አንድ ቦታ ተመልሶ እንዳይለጠፍ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

መመለሱ

በኤፕሪል 2010 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ልጣፉ ወደ ገበያ ከመመለሱ በፊት ቅመማው እንዲለወጥ እንደሚመክር ለዩሲቢ ጻፈ። የአውሮፓው የማቀዝቀዣ መፍትሔ በዚያ በኩል በር አላገኘም ማለት ነው። አዲሱ ቅመማ ፖቪዶኑን እጥፍ አደረገው፤ ለዘጠኝ እጅ ሮቲጎቲን አራት እጅ። በዚህ መጠን ልጣፉ በክፍል ሙቀት ያለ ክሪስታል መቀመጥ ቻለ። በኤፕሪል 2012 ለመጀመሪያውም ሆነ ለገፋው ደረጃ ፓርኪንሰን፣ እንዲሁም በእረፍት ጊዜ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት ለሚያስከትለው ሕመም ተፈቀደ።

ይህ እጥፍ መጠን ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዩሲቢ ከዘጠኝ ለአራት እስከ ዘጠኝ ለስድስት ያለውን ምጣኔ የሚሸፍን የፈጠራ መብት ወስዶ ነበር። አምሳያ መድኃኒት ሊያወጣ የተነሳው አክታቪስ ግን ቀደም ያሉት የፈጠራ መብቶች ከዘጠኝ ለአንድ ተኩል እስከ ዘጠኝ ለአምስት ያለውን አስቀድመው ገልጸውታል ሲል ተከራከረ። የደላዌር ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2021 የዩሲቢን መብት ዋጋ የለውም አለ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል 2023 ፈጠራው ለባለሙያው ግልጽ ነበር በማለት አጸናው። አራት ዓመት ያስጠበቀው መፍትሔ የመጀመሪያው ልጣፍ ከመሸጡ በፊት በወረቀት ላይ በተጻፈው ክልል ውስጥ የነበረ ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል፤ ከብዙ ምጣኔዎች የትኛው አዲሱን ክሪስታል እንደሚገታ ግን ክሪስታሉ ሳይታይ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ከውጭ ለሚላክላቸው

የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለፓርኪንሰን የሚያስቀምጠው ሌቮዶፓን ከካርቢዶፓ ጋርና ባይፐሪደንን ነው፤ ልጣፉ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ልጅ ኢትዮጵያ ላለች እናቱ ልጣፍ ለመላክ ሲያስብ፣ በ2008 በአሜሪካ የተፈጠረውን መቋረጥ በቤተሰብ ደረጃ ሊደግመው ይችላል። የሚመጣው ሰው ቢዘገይ ወይም ሻንጣው ቢጠፋ እናት በአካባቢዋ ፋርማሲ የምትተካው ሮቲጎቲን አታገኝም፤ በድንገት ማቋረጥም አይቻልም። ልጣፉን ለመጀመር የሚስማማ ሐኪም መጠኑ በምን ክኒን፣ በስንት ሚሊግራም እንደሚተካ አስቀድሞ በወረቀት አስፍሮ ለቤተሰቡ ቢሰጥ መልካም ነው።

ሙቀትም መታሰብ አለበት። የአሜሪካው መመሪያ አዲሱን ልጣፍ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ እንዲቀመጥ ያዛል፤ በበጋ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአፋር በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ልጣፉ ከታሸገበት ከረጢት የሚወጣው ሊለጠፍ ሲል ብቻ ነው። ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ሙቀት በቆዳ በኩል የሚገባውን መጠን ሊጨምር ስለሚችል የሙቅ ውሃ ጠርሙስ፣ ሳውና ወይም ቀጥተኛ የፀሐይ ሐሩር ልጣፉ ባለበት ቦታ ላይ አይደረግም። ሽፋኑ አሉሚኒየም ስላለበት ኤምአርአይ ከመነሳት በፊት ልጣፉ ከቆዳ መላቀቅ እንዳለበት ታማሚውም አስታማሚውም ማወቅ አለባቸው፤ ልብስ ሥር ያለ ልጣፍ በምርመራ ክፍል በቀላሉ ይረሳል።

በ2019 ጃፓን ውስጥ ሮፒኒሮልን የያዘ የፓርኪንሰን ልጣፍ ተፈቀደ። ሮፒኒሮል ከሮቲጎቲን የሚለየው አስቀድሞ በክኒን የሚሰጥ መሆኑ ነው። ልጣፉ በአምራቹ ችግር ቢቋረጥ ታማሚው በዚያው ንጥረ ነገር መቀጠል ይችላል፤ ሐኪሙም የሚያሰላው የመጠን ለውጥ ብቻ ይሆናል።